ማርከሻው ማስታገሻውንም ይዞት ይሄዳል?

ጠያቂ፦ በጀርመን አገር ለዶክትሬት እየተማርኩ ነው። አይጦችን ለቀዶ ሕክምና የማደነዝዘው ሜዴቶሚዲን፣ ሚዳዞላምና ፌንታኒልን በአንድ መርፌ ቀላቅዬ ነው። ስጨርስ የሦስቱን ማርከሻዎች፣ አቲፓሜዞል፣ ፍሉማዜኒልና ናሎክሶንን፣ እወጋቸዋለሁ፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ብድግ ይላሉ። ትናንት ግን አንዷ ነቅታ ጥግ ያዘች፤ ጀርባዋን አጉብጣ፣ ዐይኖቿን አጥብባ ቀረች። ለጎጆ መሥሪያ ያስቀመጥኩላትን ጥጥ አልነካችውም። ቡፕረኖርፊን የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ከማርከሻው ጋር ሰጥቻት ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ከዐይኔ አልጠፋችም። ያሳመምኳት እኔ ነኝ?

የእንስሳት ሐኪም፦ እህቴ፣ ማንቃትሽ ስሕተት አልነበረም። 25 ግራም የምትመዝን ፍጡር ተኝታ በቆየች ቁጥር ሙቀቷ ይወርዳል፣ ትንፋሿም ይዳከማል። ነገር ግን አቲፓሜዞል ሜዴቶሚዲንን ሲያስለቅቅ እንቅልፉን ብቻ መርጦ አይወስድም፤ ማስታገሻነቱም አብሮ ይሄዳል። ናሎክሶን ደግሞ የፌንታኒልን ቦታ ይይዛል፤ ሰውነቷ ራሱ የሚያመነጨው ሞርፊን መሰል ማስታገሻ ሳይቀር ይታገዳል። ቡፕረኖርፊንም የሚሠራው በዚያው ቦታ ስለሆነ ከናሎክሶን ጋር ይሻማል። ከዚያም በላይ ሥራ ለመጀመር ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ ማርከሻው ግን በደቂቃዎች ውስጥ ይደርሳል። አይጧ ባዶ እጇን የቀረችው በዚያ መካከል ነው። ፍሉማዜኒልን አትውቀሺው፤ እሱ የሚያረክሰው ሚዳዞላም ድሮም ሕመም አያስታግስም።

ሜሎክሲካም ወይም ካርፕሮፌን የተባለ የሕመም ማስታገሻ ከመቁረጥሽ በፊት ስጪ። የሚሠሩት በሌላ መንገድ ነውና ከሦስቱ ማርከሻዎች አንዱም አይነካቸውም። የምትቆርጪውንም ቦታ በሊዶካይን አደንዝዢው።

ሌላ መላሽ፦ በኬታሚንና በዛይላዚን የማደንዘዣ ቅልቅል ለምትሠሩ፦ አቲፓሜዞል የሚያረክሰው ዛይላዚንን ብቻ ነው፤ ለኬታሚን ማርከሻ የለውም። ቸኩላችሁ ከወጋችሁ እንስሳው በኬታሚኑ ብቻ ይቀርና ይንፈራገጣል። ጠያቂያችን ያየሽውን የዐይን መጥበብ ደግሞ በቁጥር መዝግቢው፤ በ2010 የወጣው የአይጥ ፊት መለኪያ ዐይንን፣ አፍንጫን፣ ጉንጭን፣ ጆሮንና ጢምን ለየብቻ ከ0 እስከ 2 ይመዝናል።

ጠያቂ፦ ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጠዋት የተቋማችንን የእንስሳት ሐኪም አማከርኩ፤ ለአይጧ ሜሎክሲካም ተሰጣት። ከሰዓት በኋላ ስመለስ ጥጡን በጥርሷ እየቦጫጨቀች ጎጆዋን ስትሠራ አገኘኋት። የአሠራር ለውጡ ፈቃድ ስለሚያስፈልገው ማመልከቻውን ዛሬ እጽፋለሁ። እስኪጸድቅ ድረስ ለዚህ ሳምንት የያዝኳቸውን ስድስት ቀዶ ሕክምናዎች ሰርዣለሁ።