የ«ተማሪ እናቶች» ረቂቅ፦ ለሴኔቱ ከመግባቱ በፊት አስተያየት

ፀሐፊ፦ የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበራችን ለዩኒቨርሲቲው ሴኔት የሚያስገባው ረቂቅ ሁለት ገጽ ነው። ስትጽፉ የተማራችሁትንና የተመረቃችሁበትን ዓመት አስቀድሙ። አንቀጽ 1፦ በወሊድ ምክንያት የማጠቃለያ ፈተና ያመለጣት ተማሪ ዊዝድሮው (የማቋረጫ ቅጽ) ሳትሞላ ያንኑ ፈተና ብቻ በ8 ሳምንት ውስጥ ትፈተን። አንቀጽ 2፦ የማጥቢያ ክፍል። አንቀጽ 3፦ በግቢው ካፌ ለማትመገብ የምግብ ገንዘብ። እስከ ዓርብ ጻፉ። «ጥሩ ነው» ብቻ የሚል አይጻፍልኝ።

ሕግ 2003፦ መግቢያው ላይ «120 ቀን የወሊድ ፈቃድ» ያላችሁትን አውጡ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን የሚሰጠው ለሠራተኛ ነው። በዚያ ላይ 120 ቀን 17 ሳምንት ነው፣ ሴሚስተራችን 16። ፈቃዱን እንዳለ ከገለበጣችሁት ሬጅስትራሩ «እንግዲያው ዊዝድሮው ትሙላ» ይላል። የሸሸነው እኮ እሱን ነው።

ኢኮኖሚክስ 2006፦ ልክ። በሁለተኛው ሴሚስተር የወጣች ልጅ ኮርሱ በዓመት አንዴ ስለሚሰጥ የምትመለሰው በዓመቱ ነው። ሳትሞላ ከቀረች ኤንጂ (ውጤት የለም) ይገባባታል፣ ኤንጂው በጊዜው ካልተነሳ ኤፍ ይሆናል። አንቀጽ 3 ላይ ደግሞ «በሴሚስተር መሀልም ቢሆን» የሚል ጨምሩ። የካፌ ውል የሚፈረመው በምዝገባ ሳምንት፣ ልጅቷ ከዶርም የምትወጣው ስትወልድ። ካፌ ተመዝግባ ውጭ እየኖረች ምግቡም ገንዘቡም ያመልጣታል።

ነርሲንግ 2005፦ የሕክምና ወረቀቱን አካሄድ ጻፉት። የምትወልደው ሆስፒታል ነው፣ ሬጅስትራሩ የሚቀበለው ግን የግቢው ክሊኒክ ያጸደቀውን። አራስ ሴት ማኅተም ፍለጋ አትንከራተትም። በ30 ቀን ውስጥ በተወካይ ይግባ በሉ። ለነፍሰ ጡሮች ግራውንድ ላይ ያለ ዶርም፣ ከተደራራቢው የታችኛው አልጋ፣ ፎርማሊን የሚባለው ኬሚካል ካለበት ላብራቶሪ ደግሞ በምትክ ሥራ ነፃ መሆን።

ማኔጅመንት 1998፦ ይቅርታ፣ «ተማሪ እናቶች» የሚለውን ማን አጸደቀው? በአማርኛ ዋናው ስም መጨረሻ ነው የሚመጣው። «እናት ተማሪዎች» ነው መባል ያለበት። ሴኔቱ ሥልጣን ያለው በተማሪ ላይ እንጂ በእናት ላይ አይደለም።

ኢኮኖሚክስ 2006፦ ጋሼ፣ ይኼ ምን ይለውጣል?

ማኔጅመንት 1998፦ ብዙ።

ፊዚክስ 2009፦ ሁለቱም አይሆንም፣ ነፍሰ ጡሯ ገና እናት አልሆነችም። አባቶቹስ? «ወላጅ ተማሪዎች» በሉት።

ሕግ 2003፦ «ወላጅ» ካላችሁ ሴኔቱ የምረቃ ቀን የሚጠራውን ቤተሰብ ነው የሚመስለው።

ፊዚክስ 2009፦ «የቤተሰብ ኃላፊነት ያለባቸው ተማሪዎች»።

ኢኮኖሚክስ 2006፦ ታናሽ እህቱን የሚያሳድገውም ይገባል ማለት ነው።

ፊዚክስ 2009፦ ቢገባስ?

ማኔጅመንት 1998፦ 500 ብር አዋጥቻለሁ፣ ስሜ ባለበት ወረቀት ላይ የተንሻፈፈ አማርኛ አላይም።

ኢኮኖሚክስ 2006፦ ሁላችንም አዋጥተናል። 500 ብር ሰዋስው አይገዛም።

ማኔጅመንት 1998፦ አንተ ልጅ፣ አፍህን ሰብስብ።

ፀሐፊ፦ ተዉ እንጂ! ዓርብ ነገ ነው።

ኢኮኖሚክስ 2006፦ ይቅርታ ጋሼ።

ማኔጅመንት 1998፦ ይሁን።

ፀሐፊ፦ «እናትና ነፍሰ ጡር ተማሪዎች»። ዘጋሁት። ሲቪል 2008፣ የማጥቢያ ክፍሉን ፕላን ሰኞ አመጣለሁ ብለህ ነበር።

ነርሲንግ 2005፦ እሱን ከጠበቅን ልጁ ዳዴ ይላል። 3 በ4 ሜትር ይበቃል። ከውስጥ የሚቆለፍ በር፣ መጋረጃ፣ መደገፊያና ክንድ ያለው ወንበር 3፣ የእጅ መታጠቢያ፣ ሶኬት። ሽንት ቤትን ከፍሎ መስጠት አይቆጠርም። ጨቅላ በየ2 ወይም 3 ሰዓቱ ይጠባል፣ አንድ የላብራቶሪ ትምህርት ብቻውን 3 ሰዓት ነው፣ ስለዚህ ከመማሪያ ሕንፃው ከ5 ደቂቃ በላይ መራቅ የለበትም። የታለበ ወተት በክፍል ሙቀት 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ 4 ቀን ይቆያል። የፍሪጁ በር ላይ አይቀመጥም፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ይሞቃል። ዕቃው ላይ ስምና ሰዓት ይጻፍ። መብራት ለሚጠፋበት ቀን የክትባት ሳጥን ዓይነት ከነበረዶ ጥቅሉ።

ገንዘብ ያዥ፦ ካዝናው ውስጥ 41,500 ብር አለ። ፍሪጅ፣ ወንበር፣ መጋረጃ እንሞክራለን። ለአንቀጽ 1 ብር አያስፈልግም፣ የአካዳሚክ ምክትል ፕሬዚዳንቱን ደጅ የሚጠና ሁለት ሰው እንጂ። ማን ይሄዳል?

ገንዘብ ያዥ፦ ማን ይሄዳል አልኩ።

ሕግ 2003፦ እኔ እስከ ወሩ መጨረሻ ችሎት ላይ ነኝ።

ኢኮኖሚክስ 2006፦ እኔ ክፍለ ሀገር ነኝ።

ፊዚክስ 2009፦ ክፍሉን አስቀድመን እናስመርቅ፣ አንቀጽ 1 እና 3ን አባሪ እናድርጋቸው። የሚታይ ነገር ካለ ሴኔቱም ይሰማል።

ነርሲንግ 2005፦ ክፍሉ ያለፈ ፈተና አይመልስም።

ማኔጅመንት 1998፦ የታፔላውን ጽሑፍ እኔ አርማለሁ።

ፀሐፊ፦ እሺ፣ አንቀጽ 2 ብቻ ይገባል። ሲስተር፣ የወረቀቱን አካሄድ አባሪው ላይ አስገብቼዋለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ ለፍሪጁ ፕሮፎርማ አልመጣም። ለታፔላው ሁለት ደርሶኛል፣ ሦስተኛውን ማን ያመጣል?

ማኔጅመንት 1998፦ እኔ። ነገ ጠዋት።