የናስ ቀለህ አጠባ፦ ሲትሪክ አሲድ ምን ያህል ይበቃል? ሮዝ የሆኑትስ ይጣሉ?

ቀለህ_ለቃሚ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዳግም ለመሙላት ያሰብኳቸው የ7.62×51 የናስ ቀለሆች አሉኝ፤ 300 ያህል ይሆናሉ። ሁኔታቸው የተለያየ ነው። አብዛኞቹ አንገታቸው ላይ ጥላሸት ብቻ ነው ያለባቸው። ሌሎቹ መሬት ላይ ሰንብተው ጠቁረዋል፤ አንዳንዶቹም አረንጓዴ ነጠብጣብ አውጥተዋል። ከሌላ ሰው የተገኙ ጥቂቶች ደግሞ ኮምጣጤ ውስጥ አድረው ኖሮ መልካቸው ወደ ሮዝ ሄዷል።

እጄ ላይ ያለው 5 ሊትር የሚይዝ የሚሽከረከር የጎማ ከበሮ፣ 2 ኪሎ የስቴንለስ ፒን (ቀለሆቹን እየፋቁ የሚያጸዱ ቀጫጭን የብረት ስንጥሮች) እና የሲትሪክ አሲድ ዱቄት ነው። ልኩ ስንት ነው? ስንት ሰዓት ይሽከረከር? ፕራይመሩ (ከቀለሁ ሥር ያለው፣ ሲመታ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ትንሽ ክፍል) የሚወጣው ከአጠባው በፊት ነው ወይስ በኋላ? ሮዝ የሆኑትን ልጠቀምባቸው ወይስ ልጣላቸው?

ባለከበሮ፦
ፕራይመሩ መጀመሪያ ይውጣ። ሳይወጣ ከታጠበ ፕራይመሩ የሚቀመጥበት ጎጆ ውስጥ ያለው ጥቀርሻ እንዳለ ይቀራል፤ ውሃም እዚያው ይቋጥርና ቶሎ አይደርቅም። ስታወጣ ግን ቅርጽ ማስተካከያውን ዳይ (ቀለሁ ተገፍቶ የሚገባበትን የብረት መሣሪያ) አትጠቀም። የቀለሁን ግድግዳ የማይነካ፣ ፕራይመር ብቻ የሚገፋ ዳይ አለ፤ እሱን ያዝ። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ዳዩ ውስጥ ከገባች ከዚያ በኋላ የሚያልፈውን ቀለህ ሁሉ ትጭረዋለች።

ከመግፋትህ በፊት በአፉ በኩል በባትሪ ተመልከት። መሐል ላይ አንድ ቀዳዳ ካለ ቦክሰር የሚባለው የፕራይመር ዓይነት ነው፤ ይሠራል። ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች ካየህ በርዳን ነው፤ ለይተህ አስቀምጠው፤ የዳዩን መርፌ ይሰብርብሃል። የወታደር ቀለህ ከሆነ ደግሞ ፕራይመሩ ዙሪያው ተቀጥቅጦ የተያዘ ሊሆን ስለሚችል ጠንከር ያለ መርፌ ያስፈልጋል። የተቀጠቀጠውን ጠርዝ ማንሳት ከአጠባው በኋላ የሚሠራ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ልኩ። የዚህ ዓይነት ቀለህ አንዱ 11 ወይም 12 ግራም ገደማ ይመዝናል። ለ2 ኪሎ ፒን 900 ግራም ናስ ይበቃል፤ ስለዚህ በአንድ ዙር ከ75 እስከ 80 ቀለህ ክተት። 300ውን በአራት ዙር ትጨርሳለህ። ቀለሆቹን ሁለት ጣት ያህል እስኪያልፍ ውሃ ሙላ፤ ከበሮው ግን ከሦስት አራተኛ በላይ አይሙላ። አንድ የሾርባ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጨምር። ሲትሪክ አሲድ ሩብ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 1 ግራም ያህል ይበቃል። ውሃው ጨው የበዛበት ከሆነ ወደ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ከፍ አድርገው፤ ከዚያ በላይ አያስፈልግም። አሲዱን ያበዛ ሰው የሚያብረቀርቅ ሳይሆን የገረጣ ቀለህ ነው የሚያገኘው።

ጥላሸት ብቻ ላለባቸው 1 ሰዓት ይበቃል። ለጠቆሩት 2 ሰዓት። ከ3 ሰዓት ካለፈ ቀለሆቹ እርስ በርስ እየተጋጩ የአፋቸው ጠርዝ ይቀጠቀጣል፤ ጠርዙ ወደ ውስጥ ይታጠፍና አረሩ ሲገባ ይፋቀዋል። ከከበሮው ግራጫ ሆነው ከወጡ አሲድ አትጨምር፤ ሳሙናው አንሷል ማለት ነው። ሳሙና ካልያዘው ጥላሸቱ ከውሃው ተመልሶ ናሱ ላይ ይለጠፋል።

የፒንህን ውፍረትም ለካ። 1.04 ሚሊሜትር የሚሆነው የተለመደው ፒን ሁለት ሁለት ሆኖ የእሳት ቀዳዳው (የፕራይመሩ እሳት ወደ ባሩዱ የሚያልፍበት) ውስጥ ይቀረቀራል፤ ቀዳዳው ራሱ 2 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ ሁለቱ ልክክ ብለው ይይዛሉ። 1.2 ሚሊሜትር የሆነው ግን ጥንድ ሆኖ አይገባም። የትኛውም ቢኖርህ እያንዳንዱን ቀለህ በብርሃን ሳታይ አትለፍ። ውስጥ የቀረ ፒን ከአረሩ ጋር በአፈሙዙ ነው የሚወጣው።

ናስና_ዚንክ፦
ስለ ሮዙ እኔ ልመልስ። የቀለህ ናስ 70 በመቶ መዳብ፣ 30 በመቶ ዚንክ ነው። አሲድ ቀድሞ የሚበላው ዚንኩን ነው፤ ዚንኩ ሲሄድ መዳቡ ብቻውን ይቀራል፤ ያየኸው ሮዝ እሱ ነው። ኮምጣጤ ውስጥ ማሳደር የማይመከረውም ለዚህ ነው።

ሮዝ የሆነ ሁሉ ግን አይጣልም። በባለከበሮ ልክ 30 ደቂቃ በፒን አሽከርክራቸው። ቢጫው መልክ ከተመለሰ የሄደው የላዩ ስስ ሽፋን ብቻ ነው፤ ይሠራሉ። ሮዝነቱ አልለቅ ካለ፣ ወይም በጥፍርህ ስትዳብሰው የተቦረቦረ ነገር ከተሰማህ ጣለው። አረንጓዴ ነጠብጣብ ያለባቸውንም እንዲሁ መርምር፤ አረንጓዴው ሲለቅ ከሥሩ ጉድጓድ ከታየ አበቃለት።

ከበሮ ሳይኖር ዘፍዝፎ ለማጠብ በ1 ሊትር ለብ ያለ ውሃ 20 ግራም ሲትሪክ አሲድ፣ 10 ደቂቃ ብቻ። ከዚያ በደንብ ማለቅለቅ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በ1 ሊትር ውሃ አሟሙቶ አሲዱን መግደል፣ እንደገና ማለቅለቅ። የዘፈዘፍክበትን ውሃ ለሌላ ዙር አታስቀምጠው፤ መዳብ የተሟሟበት ውሃ ሆኗል።

በረኪና አጠገቡ አይድረስ፤ ከሲትሪክ አሲድ ጋር ሲገናኝ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል።

ከሁሉም በላይ የምፈራው አሞኒያን ነው። ብዙ የናስ መወልወያ ፈሳሾች አሞኒያ አለባቸው፤ ለበር እጀታ ደግ ናቸው፣ ለቀለህ ግን ጠላት። ቀለህ በቀዝቃዛው ተስቦና ተጨምቆ ስለተሠራ ውስጡ ውጥረት አለ፤ አሞኒያና እርጥበት ሲያገኙት ማንም ሳይነካው ይሰነጠቃል። የእንግሊዝ ጦር በህንድ በዝናቡ ወራት የፈረስ በረት ውስጥ ያከማቻቸው ጥይቶች ቀለሃቸው እየተሰነጠቀ ተቸግሮ ነበር። ከፈረሶቹ ሽንት የሚወጣው አሞኒያ መንስኤው እንደሆነ የተብራራው እ.ኤ.አ. በ1921 ነው።

ቀለህ_ለቃሚ፦
ሁለታችሁንም በጣም አመሰግናለሁ። ማድረቁስ? ምድጃ ውስጥ ማስገባት ይቻላል? የደረቀው ዘዴ፣ በበቆሎ ቆረቆንዳ የሚደረገው፣ ከዚህ ይሻላል የሚሉም አሉ።

እርሳስ_አይናቅም፦
ምድጃ ይቻላል፤ ግን ምግብ የሚበስልበት አይሁን። 80 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት ይበቃል፤ የምድጃውን ቁጥር አትመን፣ ቴርሞሜትር አስገባ። ናስ ወደ 250 ዲግሪ ሲጠጋ ጥንካሬው መላላት ይጀምራል። አንገቱ ቢላላ ብዙም አይደለም። መቀመጫው (የቀለሁ ታችኛው ወፍራም ክፍል) ከላላ ግን የባሩዱን ግፊት መሸከም አይችልም፤ ጋዙ ወደ ተኳሹ ፊት ይመጣል። ጊዜ ካለህ ፎጣ ላይ ዘርግተህ ፀሐይ ላይ አውለው፤ የፕራይመሩን ጎጆ በቀጭን ወረቀት ነክተህ እርጥበት አለመኖሩን አረጋግጥ።

የደረቀው ዘዴ ቀላል ነው፤ የዋልነት ቅርፊት ይፍቃል፣ ቆረቆንዳ ያብረቀርቃል፣ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይወስዳል። የፕራይመሩን ጎጆ ግን አያጸዳም። ትልቁ ችግሩ ደግሞ አቧራው ነው። አብዛኛው ፕራይመር እርሳስ ያለበት ውህድ ነው፤ ከተተኮሰ በኋላ የሚቀረው ጥላሸትም እርሳስ አለበት፤ ቀለሆቹ ሲነዘሩ ይቦንናል። ክዳኑ ይዘጋ፣ ቆራርጠህ እርጥብ ያደረግከው ጨርቅ አብሮ ይግባ፣ ቀለሆቹን ከቆረቆንዳው የምትለየውም ከቤት ውጭ ይሁን።

የአንተ ዘዴ አቧራ የለውም፤ እርሳሱ ግን ውሃው ውስጥ አለ። ከከበሮው የሚወጣው ጥቁር ውሃ ጓሮ አይደፋ፤ በጀሪካን አጠራቅመህ አደገኛ ቆሻሻ ለሚቀበል አስረክብ። ጓንት አድርግ። ወንፊቱና ሳህኑ ወደ ወጥ ቤት ተመልሰው አይግቡ።

ባለከበሮ፦
አንድ ነገር ልጨምር። በፒን የታጠበ አንገት ውስጡ ከመጠን በላይ ስለሚጸዳ አረሩ ሲገባ ናስ በናስ ይፋተጋል፤ አንዱ ይጠብቃል፣ ሌላው ይላላል። ጥቂት የግራፋይት ዱቄት በአንገት ብሩሽ ውስጡን ማስነካት ይፈታዋል። ደርቀው ካለቁ በኋላ 20 ደቂቃ ቆረቆንዳ ውስጥ ማሽከርከርም ያው ነው።

ከታጠቡ በኋላ ነው ስንጥቅ በደንብ የሚታየው። አንገቱንና ትከሻውን አዟዙረህ እይ። ከዚያ ጫፉን ያጠፍክበት የወረቀት ማያያዣ ሽቦ ወደ ውስጥ አስገባና ከታች ወደ ላይ ግድግዳውን እየዳሰስክ ሳብ። ከመቀመጫው ከ6 እስከ 10 ሚሊሜትር ከፍ ብሎ ሽቦው ቦይ ውስጥ ከወደቀ ግድግዳው ሳስቷል፤ በሚቀጥለው ተኩስ ቀለሁ እዚያ ላይ ለሁለት ይበጠሳል። እንዲህ ያለውን አፉን በፒንሳ ጨፍልቀህ ጣለው፤ ተመልሶ ከደህናው ጋር እንዳይቀላቀል።