የ14 ዓመት ልጅ ያለ ወላጅ ክትባት መውሰድ ትችላለች?

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሐዋሳ ነው። የእህቴን ልጅ የማሳድጋት እኔ ነኝ፤ እናቷ ለሥራ ቤይሩት ናት፣ አባቷም በሕይወት የለም። በትምህርት ቤት የማህፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት የተሰጠ ዕለት ልጅቷ ታማ ቀረች። ክትባቱ በአገራችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ሲሰጥ የቆየ ነው፤ የእኔዋ ደግሞ በቅርቡ 15 ትሞላለች። ጭንቀቴ ይኸው ነው።

እኔ የጠዋት ፈረቃ ስለምገባ ጤና ጣቢያ ብቻዋን ሄደች። የተማሪ መታወቂያዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ የሕፃንነቷን የክትባት ካርድ በፕላስቲክ ጠቅልላ ይዛ ነበር። «ወላጅሽን ይዘሽ ነይ» ብለው መለሷት። ነርሷን አልወቅሳትም፤ ለልጅ መጠንቀቋ ነው። ግን እናቷን ከየት ላምጣ?

እህቴ በስልክ ብትፈቅድ ይቀበላሉ? እኔ ፈርሜ የምልከው ደብዳቤስ ይበቃል ወይስ ከቀበሌ የአሳዳጊነት ማስረጃ ያስፈልጋል? በጤና ጣቢያ የምትሠሩ፣ ወይም ይህ የገጠማችሁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ። ቅዳሜ የሚከትቡበትን ቦታ የሚያውቅ ካለም ይጠቁመኝ፤ ያን ቀን ሥራ ስለማልገባ ራሴ ይዣት እሄዳለሁ።