የዲስክ ኦፕራሲዮን፦ ሙሉ ማደንዘዣ ወይስ የወገብ መርፌ?

የኮዬዋ፦ ሰላም ቤቶች። ባለቤቴ 46 ዓመቱ ነው። ኤምአርአይ ተነስቶ ዲስኩ ወጥቶ ነርቭ ተጭኗል ተባለ። ባጃጅ ሲገባ ግራ እግሩን በሁለት እጁ አንስቶ ነው የሚያስገባው። በትንሽ ቀዳዳ ይሠራል ብለውናል። ማደንዘዣውን ግን «ሙሉ ወይም ከወገብ በታች፣ ተመካከሩበት» አሉን። እሱ «ተኝቼ በዚያው ብቀርስ?» እያለ ነው። ግፊት አለበት፣ ኢናላፕሪልና አስፒሪን ይወስዳል።

የሰበታው ሾፌር፦ እኔ ሙሉውን ነው የወሰድኩት። ጭንብሉን አስታውሳለሁ፣ ከዚያ ጨለማ። ስነቃ ጉሮሮዬ ይከረክረኝ ነበር፣ ለካ የመተንፈሻ ቱቦ ገብቶ ነው። ሁለት ቀን ሻይ በማር፣ አለቀ።

እማማ ለገጣፎ፦ አይዞሽ ልጄ። እኔ በወገብ መርፌ ሁለቴ በኦፕራሲዮን ወልጃለሁ። አንዴ ብቻ ራስ ምታቱ አስቸግሮኛል፤ ቀና ስል ይፈልጠኛል፣ ስተኛ ይተወኛል።

ማደንዘዣ ክፍል የምሠራ፦ እማማ ያሉት ራስ ምታት የመርፌው ነው፣ ብዙ ጊዜ በቀናት ይጠፋል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ ለወሊድ በጀርባ ይተኛል፣ ለዲስክ ግን በደረት። በወገብ መርፌ የሚሰጠው ቡፒቫኬይን ከ2 እስከ 3 ሰዓት ገደማ ይይዛል። በራሱ ይተነፍሳል፣ ማቅለሽለሹም ይቀንሳል። ሥራው ረዝሞ መርፌው ካለቀበት ግን በደረቱ እንደተኛ ቱቦ ማስገባት ለእኛም ጭንቅ ነው። በኢንዶስኮፕ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ) በጎን ከገቡ ደግሞ ቦታውን ብቻ አደንዝዘው ነቅቶ የሚሠራበት አለ፤ ነርቩ ሲነካ «እግሬን!» ብሎ ይነግራቸዋል። አስፒሪኑን በራሳችሁ አታቁሙ፣ ጠይቁ። ኢናላፕሪሉን የዕለቱን ጠዋት ዝለል ሊሉት ይችላሉ። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ምግብ ቢያንስ 6 ሰዓት፣ ውሃ 2 ሰዓት ቀድሞ ያቁም። ያንኮራፋል?

የኮዬዋ፦ ኧረ ጎረቤት ግድግዳ ይመታል!

ማደንዘዣ ክፍል የምሠራ፦ እንግዲያው ይህን ሳትነግሪያቸው እንዳትወጪ። እንዲህ ያለ ሰው በደረቱ ተኝቶ ያለ ቱቦ ማስተኛ መድኃኒት ሲሰጠው ትንፋሹ ሊያስቸግር ይችላል። ሙሉው ላይ ቱቦው መንገዱን ይይዘዋል። ሌላ፦ ሽንት እምቢ ካለው ወይም መቀመጫው አካባቢ ከደነዘዘ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል።

የኮዬዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን አነበብኩለት። የሞት ፍርሃቱን ረስቶ «ነቅቼ የአጥንት መቆረጫውን ድምፅ ልሰማ?!» አለ። ሙሉውን መርጧል። ማንኮራፋቱን ግን «አንቺ ነሽ የምታንኮራፊው» ብሎ ክዷል፣ ስለዚህ እኔው እነግራቸዋለሁ።