«ሚዛናዊ» እና «ገለልተኛ» አንድ ናቸው?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን ስለ ሚዲያ ሥነ ምግባር የተጻፈ ነገር እያረምኩ ነበር። ጸሐፊው አንዴ «ሚዛናዊ ዘገባ»፣ አንዴ «ገለልተኛ ዘገባ» ይላል። ልዩነት አላቸው? ወይስ እንደፈለግን ብናቀያይራቸው ችግር የለውም?

መልስ፦
ችግር አለው። ፖለቲከኞች ጋዜጠኛውን የሚይዙት በዚሁ መደባለቅ ነው።

«ገለልተኛ» ከ«ገለል አለ» የመጣ ነው። ዞር ያለ፣ ዳር የያዘ ማለት ነው። «ሚዛናዊ» ግን ከሚዛን ነው። ሚዛን ደግሞ ሁለቱን ዕቃ ተሸክሞ የትኛው እንደከበደ ያሳያል። «ሚዛን የሚደፋ ማስረጃ» ስንል እኮ አንዱ ወገን በለጠ ማለታችን ነው። ስለዚህ ለሁለት ወገን እኩል ደቂቃ ማደል ሚዛናዊነት አይደለም።

አንዱ ፖለቲከኛ «ምርጫው ተጭበርብሯል» አለ እንበል። ሌላው «አልተጭበረበረም» አለ። ጋዜጠኛው ሁለቱንም አምስት አምስት ደቂቃ አናግሮ «ፍርዱን ለአድማጭ እንተዋለን» ብሎ ተሰናበተ። ገለል ብሏል፣ አዎ። ግን ምን መዘነ? የቆጠራ ሰነድ አላየም፤ ታዛቢ አልጠየቀም። አድማጩ የደረሰው ባዶ ሚዛን ነው።

ቢቢሲ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ አየር ንብረት ለውጥ ለጋዜጠኞቹ በላከው መመሪያ፣ ለሚዛናዊነት ሲባል ለውጡን የሚክድ ሰው መጋበዝ ግድ አይደለም ብሏል። ቀደም ሲል በዘገባው ብዙ ጊዜ መሳሳቱንም አምኗል።

ሌላ አባል፦
ጥሩ ነው ወንድሜ፤ ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። የሚመዝነው ማን ነው? ጋዜጠኛው «መዝኛለሁ» እያለ የራሱን ፓርቲ ቢያስከብድስ? «ገለል በል» የምንለው እኮ ይህን ፈርተን ነው።

መልስ፦
ስጋትህ እውነት ነው። ለዚህ የሐና አረንት ሐሳብ ይረዳናል። ይህች ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1967 ስለ እውነትና ፖለቲካ ስትጽፍ አስተያየትን ከተፈጸመ ነገር ለይታለች። እዚያ የምታነሳው፣ የፈረንሳይ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው የክሌማንሶ ጨዋታ አለ። ለአንደኛው የዓለም ጦርነት ተጠያቂው ማን እንደሆነ የወደፊት ታሪክ ጸሐፊዎች ምን ይላሉ ብለው ጠየቁት። እሱን አላውቅም፤ ቤልጂየም ጀርመንን ወረረች እንደማይሉ ግን እርግጠኛ ነኝ አለ።

«ተጠያቂው ማን ነው» ክርክር ነው። እዚያ ላይ ጋዜጠኛው ገለል ይበል። እ.ኤ.አ. በ1914 ድንበር የጣሰው ማን ነው ሲባል ግን ገለል ማለት አይቻልም (ቤልጂየምን የወረረችው ጀርመን ናት)፤ ይመዝን። ሲመዝንም የሚዛን ድንጋዩን ያሳየን፦ የትኛውን ሰነድ አየ፣ ማንን ጠየቀ። ያኔ አንተም ደግመህ ትመዝናለህ።

ሌላ አባል፦
እኔ ልጨምር። በጥይት የተመታን ሰው «ሕይወቱ አለፈ» የሚል ዜና አንጀቴን ያሳርረኛል። ታሞ የሞተውም ሕይወቱ አልፏል። ገለልተኛ አነጋገር ይመስላል፤ ግን ጥይቱን ከዜናው አስወጥቶታል።

ጠያቂው፦
«ተገደለ» ቢባልስ? እሱም ገዳዩን አይጠራም እኮ።

መልስ፦
ገዳዩ ካልታወቀ «ተገደለ» ትክክለኛው ቃል ነው። ከታወቀና ከተረጋገጠ ግን ግሡ ባለቤት አለው። «እገሌ ገደለ» ተብሎ ይጻፍ።