ባሕር ዳር ቤት ልንገዛ ነው፦ ነባሩ ሰፈር ወይስ አዲሱ የማኅበር ሳይት?

ጥያቄ (የፍኖተ ሰላሟ)
ጤና ይስጥልኝ። የባለቤቴ ሥራ ወደ ባሕር ዳር ስለተዛወረ ከፍኖተ ሰላም ጓዛችንን ጠቅልለን ልንመጣ ነው። ሁለት ልጆች አሉን፣ ትልቋ 4ኛ ክፍል ናት። እናቴም ከኛ ጋር ናት። ጉልበቷን ያማታል፤ ቤተ ክርስቲያን ሳትሳለም ግን አትውልም።

ዋጋቸው የሚቀራረብ ሁለት ቤቶች አይተናል። አንዱ መሀል ከተማ፣ ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ በእግር የሚያስኬድ ሰፈር ውስጥ ያለ አሮጌ የጭቃ ቤት ነው። ግቢው 400 ካሬ ገደማ ነው፤ ትልቅ ማንጎ አለው፣ ከኋላ ሰርቪስ ቤቶች አሉት። ሌላው ከተማው ዳር ያለ የማኅበር ቤት ነው። በ200 ካሬ ላይ የተሠራ ብሎኬት፣ ቀለሙ እንኳ ገና አልደረቀም። መንገዱ አፈር ነው፣ ውኃውም በሮቶ። ባለቤቴ አዲሱን ወዶታል። የኔ ልብ ማንጎው ጋ ቀርቷል። ለኑሮ የቱ ይሻላል? የኖራችሁበት ንገሩን።

ዘንባባ ሥር
እንኳን ደህና መጣችሁ። እኔ መሀሉን ያዙ ባይ ነኝ። የባሕር ዳር መሀል ዝም ብሎ የበቀለ ሰፈር አይደለም። በ1950ዎቹ ጀርመኖች ፕላን አውጥተውለት፣ ጎዳናው ቀድሞ ተለክቶ ነው ቤቱ የተከተለው። ዛሬ በዘንባባ ጥላ ሥር የምንሄደው ለዚያ ነው። ገበያው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል፣ ሁሉም ቅርብ ነው። ቤንዚን ጠፍቶ በጃጅ ሲቆም የከተማ ዳር ሰው መንገድ ላይ ይቀራል፣ እኛ በእግራችን ገብተን እራት እንበላለን። እድሩም የቆየ ነው፤ ሰው ሲታመም ሳትጠሩት ይመጣል።

ግንበኛው
ስለ ጎዳናው የተባለው እውነት ነው። ግን የምትገዙት ጎዳናውን ሳይሆን ቤቱን ነው፣ እሱን ማንም አላነሳውም።

የጭቃ ቤቱን ስታዩ ግድግዳውን ትታችሁ እንጨቱን እዩ። የበሩን መቃንና የማዕዘኑን ቋሚ ከመሬት ጥቂት ብቻ ከፍ ብሎ ባለው በኩል በቢላ ጫፍ ውጉት። ቢላው ገብቶ ከሄደ ምስጥ ጨርሶታል። ያኔ የገዛችሁት ቦታውንና ማንጎውን ነው፤ ዋጋውንም እንደዚያ ተከራከሩ። ሁለተኛው ነገር መፀዳጃው ነው። በድሮ ግቢ አንድ ጉድጓድ አለ፣ የሰርቪሱ ተከራይ ሁሉ የሚጠቀመው እሱኑ ነው። ወደ ሐይቁ በቀረበ ቦታ ክረምት ላይ ውኃ ከሥር ስለሚመጣ ቶሎ ይሞላል። መጣጭ መኪና እስከ ጉድጓዱ መድረሱን ጠይቁ። ጎዳናው ሰፊ ቢሆንም ሰርቪሶቹ መግቢያውን ዘግተውት ይሆናል።

አዲሱ ደግሞ «ቀለሙ አልደረቀም» ማለትሽ ነው ያሳሰበኝ። ከተማው ዳር ያለው ብዙው ቦታ ትናንት እርሻ ነበር፣ አፈሩም ዋልካ ሊሆን ይችላል። ዋልካ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ቤቱንም አብሮ ያንቀሳቅሰዋል። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ የልስን ናት፣ አታስፈራም። ከመስኮት ጥግ ተነስታ በሰያፍ የምትወጣው ግን የመሠረት ነገር ናት፤ አዲስ ቀለም የሚደብቀውም እሷን ነው። ጥቁሩ አፈር ተቆርጦ ወጥቶ በሌላ አፈር ተሞልቶ እንደሆነ ጠይቁ። መሠረቱ ሲወጣ የተነሳ ፎቶ በስልኩ የሌለው ባለቤት ብርቅ ነው፣ አሳየኝ በሉት። በቤቱ ዙሪያ የሲሚንቶ መርገጫና የጣሪያ አሸንዳ ከሌለ ያንንም ወጪ ቁጠሩት።

የፍኖተ ሰላሟ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ። ቢላውን ይዤ እሄዳለሁ። ደላላው ግን አሮጌው «ነባር ይዞታ ስለሆነ የሊዝ ክፍያ የለበትም» ይለናል። እውነት ነው?

ካርታ አንባቢ
ለአሁኑ ባለቤት እውነት ነው። ለናንተ አይደለም። በሊዝ አዋጁ፣ በ721/2004፣ ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ ውጪ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ገዢው መሬቱን የሚይዘው በሊዝ ነው። ስለዚህ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ ስም ሲዞር ምን እንደሚከፈል አስሉ። መሀል ከተማ ስለሆነ የኮሪደር ልማቱና የመንገዱ ወሰን ግቢውን ይነካው እንደሆነም እዚያው ጠይቁ። ለአዲሱ አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ካርታው በሻጩ ስም ወጥቷል ወይስ ገና በማኅበሩ ስም ነው? በማኅበሩ ስም ከሆነ እኔ ብሆን ሳንቲም አልከፍልም።

የአባይ ማዶው
መሀል ከተማን የምታወድሱ ሰዎች ስለ ሌሊቱ ለምን አትናገሩም? እኔ ተከራይቼ በነበረበት ሰፈር እናቴ ለቅዳሴ ስትነሳ መሸታ ቤቱ ገና አልተዘጋም። አሁን አባይን ተሻግረን ነው የምንኖረው። መጀመሪያ ላይ ከባድ ነበር፣ አልዋሽም። ሱቅ የለም፣ ዛፍ የለም፣ ማታ በጃጁ ጭቃውን አይቶ «እዚህ ውረዱ» ይላል። ነገር ግን ሁላችንም አዲስ ስለሆንን ቶሎ ተዋወቅን፣ እድርም አቋቋምን፣ ጠጠሩንም አዋጥተን አስደፋን። ልጆች ውጪ ይጫወታሉ። ግንቦት 2016 ከተመረቀው ከ380 ሜትሩ ድልድይ ወዲህ ደግሞ መሻገሩ ቀሎናል፤ ድሮ ጠዋት ጠዋት አሮጌው ድልድይ ላይ ነበር ዕድሜያችን የሚያልቀው።

ዘንባባ ሥር
መሸታ ቤት ሁሉም መንገድ ላይ የለም እኮ! ቅዳሜ ማታ ሄደው ይዩት።

ሲስተር
እህቴ፣ ስለ እናትሽ ጉልበት ማንም አላነሳም። የአሮጌው ግቢ መፀዳጃ ውጪ ከሆነና ቁጢጥ የሚያስብል ከሆነ፣ ማታ በዝናብ እዚያ መመላለስ ለእናትሽ ከባድ ነው። ቤት ውስጥ መቀመጫ ያለው መፀዳጃ ማስገባት ካልቻላችሁ አሮጌውን እርሺው። አዲሱ ቤት መቀመጫው ይኖረዋል፣ ውኃ ከሌለ ግን ምን ይፈይዳል? ውኃው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ሻጩን ሳይሆን ጎረቤቱን ጠይቂ። ወባውን መቼም ለፍኖተ ሰላም ሰው አልነግርም፣ አጎበሩን ይዛችሁ ኑ። ከመስከረም እስከ ኅዳር ይብሳል፤ መሠረቱ ተቆፍሮ የቀረ ባዶ ቦታ አጠገብ ካለ ውኃ ያቁራል።

የፍኖተ ሰላሟ
መፀዳጃውን እኔም አላሰብኩትም ነበር። ባለቤቴ ይህን አንብቦ «አልኩሽ አይደል» እያለ ነው። መፀዳጃ ቤት ውስጥ ማስገባት የሚቻል ከሆነ አሮጌውን እንደገና አየዋለሁ። ባለቤቴ ሥራ የሚጀምረው ግንቦት ላይ ነው፣ እስከዚያ እንወስን ወይስ እንከራይ?

ግንበኛው
ተከራዩ። ከተቻለ እዚያው አዲሱ ሳይት ሰርቪስ ቤት ፈልጉና ነሐሴን እዩበት። መንገዱ፣ ውኃው፣ ስንጥቁ፣ ሁሉም ራሱ ይናገራል። ትልቁን ሶፋ ብቻ ፍኖተ ሰላም ተዉት፣ በሰርቪስ በር አይገባም።