የራውተሬ 5 ጊጋኸርዝ የት ገባ? (ኮዬ ፈጬ፣ 3ኛ ፎቅ)

ቀያሹ (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡10)

ጤና ይስጥልኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት መንገድ ስቀይስ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ጥያቄዬ ቢረዝምና ሜትር ቢበዛበት አትፍረዱብኝ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ 3ኛ ፎቅ፣ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ነው። ፋይበር ካስገባን ስምንት ወር ሆኖናል፤ የምንከፍለው በሰከንድ ለ25 ሜጋቢት ፍጥነት ነው።

ችግሩ ማታ ማታ ነው። ውጭ አገር ያለችው ትልቋ ልጄ የምትደውለው ከምሽቱ 2 ሰዓት አካባቢ ነው። ልክ በዚያ ሰዓት ፊቷ ተቆራርጦ ይመጣል፣ ድምፅዋ ጉድጓድ ውስጥ ሆና የምትናገር ያስመስላታል፣ እናቷም «ከሳሽ እንዴ?» ብላ መልሱን ሳትሰማ መስመሩ ይጠፋል። መጀመሪያ የጠረጠርኩት መስመሩን ነው። ሳልለካ መናገር ግን ስለማልወድ ደብተር ያዝኩ። ላፕቶፑን በገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኝቼ በ2 ሰዓት ስለካ 24 ሜጋቢት ሰጠኝ። ገመዱን ነቅዬ፣ እዚያው ሳሎን ከራውተሩ 2 ሜትር ርቀት ላይ ተቀምጬ በዋይፋይ ስለካ 6። የኋላው መኝታ ቤት፣ 7 ሜትር ከ40፣ ሁለት ግድግዳ አልፎ፣ 3.5። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ደግሞ ያው ሳሎን 21 ይሰጣል። ውሃው ቧንቧው ድረስ በደንብ እየደረሰ ከቧንቧው እስከ ባልዲው ባለው መንገድ ላይ እየፈሰሰ ይባክናል ማለት ነው።

መስመሩን ላስገባልን ባለሙያ ስደውል «ራውተሩ ባለ ሁለት ባንድ ነው፣ ፈጣኑን ይጠቀሙ» አለኝ። ባንድ ሲለኝ መጀመሪያ የታየኝ ሳክስፎን ነበር። ኋላ ራውተሩን ገልብጬ ሳየው እውነትም 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ የሚል ተለጥፎበታል። ስልኬ ላይ ግን የሚወጣው አንድ ስም ብቻ ነው። «ሌላው የት አለ?» ብለው «ራሱ ይመርጣል» ብሎ ዘጋው። እኔ ራሱ የሚመርጥ ነገር አላምንም። የሚመርጠው ለማን ብሎ ነው?

እንግዲህ የጠፋው 5 እንዴት ይወጣል? ወንዱ ልጄ «ይህማ የስልኩ 5ጂ ነው» ይለኛል፤ እውነት ነው? የእርሱ ላፕቶፕ ያረጀ ነው፤ የ12ኛ ክፍል ትምህርቱን በቪዲዮ የሚከታተለው በዚያ ነውና እርሱስ ይጠቀማል ወይ?

አንድ ነገር ልጨምር። ራውተሩ የተቀመጠው ማቀዝቀዣው አናት ላይ ነው፤ ባለቤቴ የሠራችለትን ዳንቴል ለብሷል። ለጉዳዩ ይጥቀም አይጥቀም አላውቅም፤ መረጃ መደበቅ ግን ልማዴ አይደለም።

ሽቦ የለሽ (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4፡02)

ጋሼ፣ ሁሉም ደንበኛ እንደ እርስዎ ለክቶ ቢጠይቀኝ ሥራዬ በግማሽ ይቀልልኝ ነበር። በገመድ 24 ካገኙ መስመሩ ነጻ ወጥቷል፤ ጥፋቱ አየሩ ላይ ነው።

በመጀመሪያ የልጅዎን ክርክር ልዝጋው። የስልኩ 5ጂ «አምስተኛ ትውልድ» ማለት ነው፤ ከማማ ወደ ስልክ የሚመጣው የሞባይል ኔትወርክ ነው። የራውተርዎ 5 ግን የሞገዱ ድግግሞሽ ነው፤ በሰከንድ አምስት ቢሊዮን ጊዜ ማለት ነው። ባንድ የሚባለውም ይኸው የሞገድ ክልል ነው። አንዳንድ አምራቾች የዋይፋዩ ስም መጨረሻ ላይ «5ጂ» እያሉ ስለሚጽፉ ሰው ቢደናገር አይፈረድበትም።

ማታ ለምን ይብሳል ላሉት በእርስዎ ሙያ ልናገር። የ2.4 ቻናሎች (ባንዱ የተሸነሸነባቸው መስመሮች) አንዱ ከሌላው የሚርቁት 5 ሜጋኸርዝ ብቻ ነው። አንድ ራውተር ግን ሲሠራ ቢያንስ 20 ሜጋኸርዝ ይይዛል። ካርታው ላይ 13 ቦታ ተሸንሽኗል፣ እያንዳንዱ ባለይዞታ ግን የአራት ሰው ቦታ ያጥራል እንደ ማለት ነው። ድንበር ሳይገፉ ጎን ለጎን መቀመጥ የሚችሉት ሦስት ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። ዋይፋይ ደግሞ ተራ ጠባቂ ነው፤ በአንድ ቻናል ላይ አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ብሎ ይጠብቃል። ቀን ጎረቤትዎ ሥራ ላይ ስለሆነ ተራው ቶሎ ይደርስዎታል። ማታ ሁሉም ገብቶ ቴሌቪዥኑንና ስልኩን ሲከፍት ሦስት ሰልፍ ላይ መላው ብሎክ ይቆማል። ወደ 5 መሄድ ማለት መስመርዎ ከ25 በላይ ይሆናል ማለት ሳይሆን ከዚያ ሰልፍ መውጣት ማለት ነው።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ከራውተሩ ጋር በተገናኘ ስልክ ወይም ላፕቶፕ የኢንተርኔት ማሰሻውን ይክፈቱና የአድራሻው ቦታ ላይ 192.168.1.1 ብለው ይጻፉ፤ እምቢ ካለ የራውተሩ ጀርባ ላይ የተለጠፈውን አድራሻ ይጠቀሙ። መግቢያ ስሙና የይለፍ ቃሉም እዚያው ተለጥፏል (ገብተው ሲጨርሱ የይለፍ ቃሉን ይቀይሩት፤ በመጣበት የተተወ ራውተር ቁልፉ በሩ ላይ እንደተሰካ ቤት ነው)። «ዋየርለስ» የሚለው ውስጥ «ስማርት ኮኔክት» ወይም «ባንድ ስቲሪንግ» የሚል ማብሪያ ያገኛሉ። ሁለቱን ባንዶች በአንድ ስም የሸፈነብዎት እርሱ ነው። ያጥፉት። ወዲያው 2.4 እና 5 ለየብቻ ይወጡልዎታል። ለ5ቱ የራሱን ስም ይስጡት። ጥበቃው (ዋይፋዩ የሚቆለፍበት ዘዴ) ደብሊውፒኤ2 ወይም ካለው ደብሊውፒኤ3 ይሁን።

ቻናሉን «ኦቶ» ላይ አይተዉት። ከ36፣ 40፣ 44 ወይም 48 አንዱን ይምረጡ። ከ52 እስከ 144 ያሉት ባዶ ሆነው ሊያዩአቸውና ሊያጓጉዎት ይችላሉ፤ ነገር ግን እነዚያ ራዳሮች የሚሠሩባቸው ናቸው። ራውተር እዚያ ከመቀመጡ በፊት ቢያንስ አንድ ደቂቃ ዝም ብሎ ራዳር አለመኖሩን ማዳመጥ አለበት፤ ለአየር ጠባይ ራዳሮች በተለዩት ላይ ደግሞ በአንዳንድ አገሮች ደንብ እስከ አሥር ደቂቃ ይጠብቃል። መብራት በጠፋና በመጣ ቁጥር ይህ ጥበቃ እንደገና ይጀምራል። እኛ ሰፈር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ልንገርዎት አያስፈልግም።

የቻናሉን ስፋት 40 ሜጋኸርዝ ያድርጉት። ሁለት አንቴና ያለው ተራ የዋይፋይ 5 (802.11ኤሲ የሚባለው የዋይፋይ ትውልድ) ስልክ በ40 ስፋት እስከ 400 ሜጋቢት፣ በ80 እስከ 866 ሊገናኝ ይችላል። በተግባር ግማሹን ቢያገኙ እንኳ ለ25 ሜጋቢት መስመር ይተርፋል። ሰፊው ስለቀረብዎት የሚጎድልዎት ነገር የለም።

ማቀዝቀዣው የቆመ ብረት ነውና ራውተሩን ከዚያ ያንሱት። ዳንቴሉ ሞገድ አይከለክልም፤ የአየር መውጫ ቀዳዳዎቹን ስለሚሸፍን ግን ራውተሩን ያሞቀዋል። እኔም የሁለት ልጆች እናት ነኝና ዳንቴል ማንሳት በቤት ውስጥ ምን እንደሚያስከትል አላጣሁትም። እርሱን ለእርስዎ ጥበብ ትቼዋለሁ።

ለልጅዎ ላፕቶፕ፦ ከዋይፋዩ ጋር እንደተገናኘ የኔትወርኩን ዝርዝር መረጃ ይክፈቱና ስልቱ (ፕሮቶኮል የሚለው) ምን እንደሚል ይንገሩኝ። 802.11ኤሲ ካለ 5ን ይችላል። 802.11ኤን ካለ ግን አይታወቅም፤ 5ን የሚችልም የማይችልም አለ።

የምድር ቤት ሰው (እሑድ፣ ከጠዋቱ 1፡25)

ጋሽ ቀያሹ፣ እኔም የኮዬ ነዋሪ ነኝ። ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው፤ ግን ሰው ተስፋውን እንዳያገንነው ብዬ ነው። እኔ ቤት 5ቱ ሳሎን ውስጥ ይበራል፣ የኋላ መኝታ ቤት በሩን ስዘጋው ግን ይሞታል። በመሐል መታጠቢያ ቤት አለ፤ ሴራሚኩ፣ ቧንቧው፣ መስታወቱ፣ ኮንክሪቱ። 5 ኮንክሪት አይወድም። 2.4 በዝግታም ቢሆን ያልፋል። ስለዚህ 2.4ቱን እንዳያጠፉት። እኔ ቸኩዬ አጥፍቼው ባለቤቴ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ፤ ስልኳ ከነጭራሹ 5 የማያውቅ ሆኖ ተገኘ።

ቶሎ ቶሎ (እሑድ፣ ከጠዋቱ 3፡40)

ይህ ሁሉ ወሬ ለምን ያስፈልጋል? ስፋቱን 160፣ ኃይሉን መቶ በመቶ አድርጉት፣ ይበራል። እኔ እንደዚያ ነው የምጠቀመው።

ሽቦ የለሽ (እሑድ፣ ከጠዋቱ 4፡15)

ወንድሜ ቶሎ ቶሎ፣ ከ36 የሚጀምር 160 ስፋት እስከ 64 ይዘልቃል፤ ግማሹ የራዳሩ ክልል ውስጥ ነው። መብራት ሲመጣ እንደ ስምህ ቶሎ አይነሣም። ኃይሉም ቢሆን ዋይፋይ መልስ የሚፈልግ ነገር ነው። ራውተሩ በድምፅ ማጉያ ቢጮህ ስልኩ በሹክሹክታ ከመለሰለት ምን ዋጋ አለው?

ቀያሹ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡35)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዘገባዬ ይኸው፤ ውስጡ ኑዛዜም አለበት።

ልጄ ሽቦ የለሽ፣ ያልሽኝን ማብሪያ አጠፋሁ፤ 5ቱ ብቅ አለ። እስከዚህ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ከዚያ ስልኬ ላይ የአካባቢውን ዋይፋይ የሚያሳይ መተግበሪያ ጫንኩና ቆጠርኩ። በ2.4 ላይ 31 ስም አለ፤ 14ቱ ቻናል 6 ላይ ተደራርበዋል። ሁለት ብልጦች ደግሞ 3 ላይ ተቀምጠው የ1ንም የ6ንም አጥር ይገፋሉ። እንዲህ ያለ ካርታ በሥራ ዘመኔ ቢቀርብልኝ አልፈርምበትም ነበር። ወደ 5 ስዞር ያየሁት ሦስት ስም ብቻ ነው፤ ከ52 በላይ ያለው ሜዳ ጭራሽ ሰው አልረገጠውም።

ኑዛዜው እዚህ ላይ ነው። ምክርሽን አንብቤ እያለሁ ባዶ ሜዳ ሳይ አላስቻለኝምና ቻናሉን 100 ላይ አደረግሁት። ከሰዓት በኋላ ቆንጆ ሠራ። ምሽት ላይ መብራት ሁለቴ ጠፋ። ሁለተኛው ላይ በሰዓቴ ያዝኩት፤ መብራቱ ከመጣ በኋላ የ2.4 ስም በ1 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ታየ፣ 5ቱ ግን 2 ደቂቃ ከ35 ፈጀ። ልጄ የደወለችው ልክ በዚያ መሐል ነበር፤ የባለቤቴን ፊት መግለጽ ይቸግረኛል። ወደ 44 መለስኩት። ራሴ ሶኬቱን ነቅዬ ሰክቼ እንደገና ስይዝ 1 ደቂቃ ከ25 ሆነ። ያልሽው አንድ ደቂቃ በሰከንዶች ልዩነት ወጣ።

የ2 ሰዓቱ ልኬት፦ ሳሎን በ5፣ 23 ሜጋቢት። የኋላ መኝታ ቤት በሩ ክፍት ሆኖ 14፣ ተዘግቶ 5። የምድር ቤቱ ሰው እውነቱን ነው፤ በር እንዲህ ይከለክላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ራውተሩን ከማቀዝቀዣው አንሥቼ ኮሪደሩ ላይ 1 ሜትር ከ80 ከፍታ ባለ መደርደሪያ ሳስቀምጠው፣ በሩ ተዘግቶም 12 ሆነ። ከቻናሉ ይልቅ ብዙ ለውጥ ያመጣው ይህ ዝውውር ነው ብል አልተሳሳትኩም። 2.4ቱን ቻናል 1 ላይ፣ ስፋቱን 20 አድርጌ ለባለቤቴ ስልክ ትቼዋለሁ፤ 8 ወይም 9 ይሰጣል።

የልጁ ላፕቶፕ 802.11ኤን ይላል፤ 5ቱን አያየውም። አዲስ መቀበያ ከመግዛት ብዬ 12 ሜትር ገመድ በግድግዳው ጥግ ዘረጋሁለት፤ 24 ያገኛል፣ አይቆራረጥም።

ዳንቴሉ ሰፊ ድርድር ጠይቋል። አሁን ራውተሩ አይለብሰውም፤ ተነጥፎለት ከላዩ ተቀምጧል።

ትናንት ማታ ልጄ ደወለች፤ 41 ደቂቃ አወሩ። እናቷ «ከሳሽ እንዴ?» አለቻት። «ኧረ እማዬ፣ አራት ኪሎ ጨምሬያለሁ» ስትል ሁላችንም ሰማን።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። 36 ላይ 80 ስፋት ይዞ የተቀመጠ፣ ስሙ «ምድር ቤት» የሚል ጠንካራ ዋይፋይ ይታየኛል። 80 ከሆነ ከ36 እስከ 48 ጠቅላላውን አጥሯል፤ እኔ 44 ላይ የቆምኩት በእርሱ ግቢ ውስጥ ነው ማለት ነው። የምድር ቤቱ ሰው፣ ይህ ያንተ ይሆን?

የምድር ቤት ሰው (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡05)

ወይ ጉድ! ጋሼ፣ ብሎክዎ ስንት ነው? ደረጃው ሥር ሰማያዊ የውሃ በርሜል ካለ ሦስት ፎቅ ከላዬ ነዎት ማለት ነው። የእኔ ነው፤ 80 ያደረግኩት ትልቅ ቁጥር ሳይ ነው እንጂ የእኔም መስመር 25 ነው። አሁን ወደ 40 አጠበብኩት፤ 36 እና 40 ላይ ብቻ ነኝ።

ቀያሹ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡20)

በርሜሉ አለ። አይቻለሁ፣ ጠቧል። ያንተ ይዞታ ከ5,170 እስከ 5,210፣ የእኔ ከ5,210 እስከ 5,250 ሜጋኸርዝ። ችካሉን 5,210 ላይ ተክዬዋለሁ። ቅዳሜ ቡና ስለሚፈላ ውጣ።